«በእኔ ፋንታ ባሌ ይናገራል»

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት፤ ደሴ ውስጥ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። አዲስ አበባ ባለው የጀርመን የባህል ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ኤ1 የተባለውን የጀማሪዎች የጀርመንኛ ፈተና አልፋ ፍራንክፈርት ባለቤቷ ዘንድ ከገባች ስምንት ወር ሆናት። እሱ እዚያ 11 ዓመት ኖሯል። ሐኪም ቤትም፣ የውጭ ዜጎች ቢሮም፣ ስልክም ላይ የሚናገርላት እሱ ነው። ከጀርመንኛ ኮርስ ጓደኞቿ ጋር፣ ከአንዲት ዩክሬናዊትና ከሁለት ሶርያውያን እኅትማማቾች ጋር፣ ሐሙስ ሐሙስ ቡና ልጠጣ ስትል ግን ቅር ይለዋል። «እነሱም እንዳንቺ ጀማሪ ናቸው፤ ምን ትማሪያለሽ?» ይላታል። አንድ ቀን እንግዳ ፊት ስላረማት ቤት ውስጥ ጀርመንኛ መናገር ትታለች። «ትዳሬን ልምረጥ ወይስ ቋንቋውን?» ብላ ትጠይቃለች።

ውድ መምህርት፣

ከደብዳቤሽ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ዳቦ ቤቱ የጻፍሽውን ነው። ሦስት ብሮትሸን (ትንንሽ ዳቦ) ለመግዛት ዓረፍተ ነገሩን መንገድ ለመንገድ ስታጠኚ ሄድሽ። ተራሽ ደርሶ ስትናገሪው ሻጯ በእንግሊዝኛ መለሰችልሽ። ከኋላሽ ሰው ቆሟል፣ ፊትሽ ጋለ፣ በጣትሽ የጠቆምሽውን ይዘሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ የሚገዛው ባለቤትሽ ነው።

ጠመኔ ይዞ የሌላውን ስሕተት ሲያርም ለኖረ ሰው፣ ተመልሶ እንደ ሕፃን መንተባተብ ከማንም በላይ ያማል። «ቲቸር» ሲሉሽ የኖርሽ ነሽ። ይህ ፍርሃት በሙያችን የውጭ ቋንቋ ጭንቀት ይባላል፤ ተመራማሪዋ ኢሌን ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ በ1986 እ.ኤ.አ. 33 ነጥቦች ያሉት መለኪያ አውጥተውለታል። ክፋቱ የማታውቂውን ሳይሆን የምታውቂውን ቃል ከአፍሽ መንጠቁ ነው። ቤት ስትገቢ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉውን ትዝ ያለሽ ለዚህ ነው። የችሎታ ማነስ አይደለም። እንዲያውም «ዋይል» («ምክንያቱም») ብለሽ ስትጀምሪ ግሡ መጨረሻ ላይ መቀመጡ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ሲያስጨንቀው፣ አንቺ ግሥን መጨረሻ እያደረግሽ አድገሻል። «ዱ» እና «ዚ»ም «አንተ» እና «እርስዎ» ለምናውቅ ሰዎች እንግዳ አይደሉም።

ታዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ለእሱ ስታቀብዪው ልብሽ ወዲያው እፎይ ይላል። ያ እፎይታ ነው ፍርሃቱን የሚቀልበው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩ ይበልጥ ይከብድሻል። ለአንድ ተማሪ ጥያቄ ሰጥተሽ ጎበዙ ጎረቤቱ እየቀደመ ቢመልስለት ምን ትዪ ነበር? «ቆይ፣ እሱ ይመልስ» ትዪው ነበር። ባለቤትሽ ያ ጎበዝ ተማሪ ነው። ክፉ ነው ለማለት ያነበብኩት አይበቃኝም፤ የሰማሁትም ያንቺን ወገን ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፈ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ብዙ ስደተኛ ቋንቋውን የተማረው ሥራ ቦታ እየተሳቀበት፣ የሚያስተረጉምለት አጥቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱን ያን ውርደት ላለማሳየት ሲል አፏ ይሆንላታል፤ መውደዱን የሚገልጽበትም መንገድ ይኸው ይሆናል። አንቺ አፍሽን የፈታሽ ቀን እሱ ምን ሊሆንልሽ ነው? ይህን አልጠየቀሽም፣ ግን የሐሙሱ ኩርፊያ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። እንግዳ በሌለበት፣ ቡናው ቀርቦ እያለ በአማርኛ አጫውቺው። «ያደረግህልኝን አልረሳም። አሁን ግን ከጎኔ ተቀመጥና እኔ ልሳሳት። ካልጠየቅሁህ አታርመኝ፤ ሰው ፊት ደግሞ በፍጹም» በዪው። በዚያው የእሱን የመጀመሪያ ዓመት ታሪክ ጠይቂው፤ ሳታቋርጪ ስሚው።

ሐሙሱን አትተዪው። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ምን ይማራል ላለው፣ አራታችሁም ያላችሁ የጋራ ቋንቋ ጀርመንኛ ብቻ ከሆነ ማንም ወደ ሌላ ቋንቋ አያመልጥም፤ ማንም ማንንም አያፍርም። ደግሞም የምትፈልጊው ቋንቋ ብቻ አይደለም፣ ሰው ነው። ጄፍሪ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ተዋዋቂ ወደ ጓደኝነት ለመጠጋት 50 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚፈልግ አግኝቷል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ የመጀመሪያዋ 50 ብቻ ስድስት ወር ትወስዳለች። ለአዲስ መጤዎች የሚሰጠው የውህደት ኮርስ ራሱ 600 ክፍለ ጊዜ የቋንቋ ትምህርት ያለው ነው፤ ለወዳጅነት ይህን ትዕግሥት መንፈግ አይገባም። አንድ ሐሙስ እነሱን ቤት ጥሪና ቡና አፍዪላቸው። እሱም ይቀመጥ፤ ያያቸው ሰዎች እንደሚፈራቸው አይሆኑም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። ፓስፖርትሽን ወይም የመኖሪያ ፈቃድሽን እሱ ከያዘ፣ ስልክሽን ከፈተሸ፣ ከቤት መውጣትሽን በቁጣ ወይም በእጅ ከከለከለ፣ ከላይ ያልኩት ምክር ለዚያ አይሆንም። ጀርመን ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች ወደተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ 116 016 ደውዪ፤ ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይነሣል፣ በብዙ ቋንቋ ያነጋግራሉ። ስምሽን መናገር የለብሽም።

ይህ ከሌለ ከትንሹ ጀምሪ። በዚህ ሳምንት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮሽን ራስሽ ደውለሽ ያዢ። የምትዪውን በወረቀት ጻፊው፣ እሱ አጠገብሽ ዝም ብሎ ይቀመጥ። በእንግሊዝኛ ቢመልሱልሽ «ቢተ አውፍ ዶይች፣ ኢሽ ለርነ ኖኽ» በያቸው፤ «እባክዎ በጀርመንኛ፣ ገና እየተማርኩ ነው» ማለት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ወደዚያው ዳቦ ቤት ተመለሺ። ሦስት ብሮትሸን።