መልስ፦ ድንገተኛ ክፍል የሚያደርሰው አደንዛዥ ዕፅ ብቻ አይደለም

«በአሜሪካ ከ‹ድራግ› (drug) ጋር በተያያዘ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የሚገቡት ሱሰኞች ብቻ ናቸው ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ አይደሉም። እንግሊዝኛው መድኃኒትንም አደንዛዥ ዕፅንም በዚሁ አንድ ቃል ስለሚጠራ ግራ መጋባትዎ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች እንደተስተናገዱ ከተገመቱት፣ ከመድኃኒት ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዙ 5 ሚሊዮን ያህል ጉዳዮች ውስጥ አላግባብ መጠቀም የታየባቸው ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከቀሩት አብዛኞቹ ሐኪም ባዘዘው መሠረት በወሰዱት መድኃኒት የተጎዱ ሰዎች ነበሩ። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 65 ዓመት የሞላቸውን አረጋውያን በድንገት ሆስፒታል ያስተኟቸው፣ ብዙዎች እንደሚጠረጥሩት ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች ሳይሆኑ፣ በአብዛኛው ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ ኢንሱሊን፣ የሚዋጡ የስኳር መድኃኒቶችና እንደ አስፒሪን ያሉ የደም መርጋትን የሚከላከሉ እንክብሎች ነበሩ። ኢንሱሊን ተወግተው ምሳ የዘለሉ አዛውንት ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ዋርፋሪን የሚወስዱ ደግሞ ለሌላ ሕመም የታዘዘ አንቲባዮቲክ ሲጨመርባቸው ሊደሙ ይችላሉ።