የመንጋጋ ሲስት፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

እንደምን አመሻችሁ። የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ዛሬ ስለ ሲስት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ ስለሚፈጠር ከረጢት ነው፤ ጠይቁ። ፎቶ ብቻ ልካችሁ «ምንድን ነው?» አትበሉኝ።

ፍኖተ ሰላም፦ ዶክተር፣ የ16 ዓመት ልጄ ጥርሱን ሊያሳስር ራጅ ሲነሳ ታችኛው መንጋጋው ውስጥ ጥቁር ክፍተት ታየ። አያመውም። ሦስት ጥርስ ይነቀል ተባልን።

መልስ፦ እንዳታስነቅሉ! መጀመሪያ ጥርሶቹ በቀዝቃዛ ነገር ይሞከሩ። ከተሰማው ነርቩ ደህና ነው፤ ሩት ካናልም (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ መድፈን) አያስፈልገውም። በዚህ ዕድሜ ሕመም ሳይኖር ክፍተቱ በጥርስ ሥሮች መሐል ሽቅብ ከገባ፣ ቀላል የአጥንት ሲስት የሚባለውን እጠረጥራለሁ። ስሙ ነው እንጂ እውነተኛ ሲስት ያለው የውስጥ ሽፋን የለውም። በመርፌ ስበን እናያለን፤ ከዚያ ድዱን ገልጠን አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት እንከፍታለን። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ወይ ጠብታ ቢጫ ፈሳሽ። አንዴ ረዳቴ አንገቷን አስግጋ «ታዲያ የቱ ነው የሚወጣው?» አለችኝ። ምንም! ግድግዳውን ፍቀን እናደማዋለን። ደሙ ይረጋል፣ ቀስ በቀስ በአጥንት ይተካል። ፍቅፋቂው ለፓቶሎጂ (ለናሙና ምርመራ) ይላካል፤ በ6 እና በ12 ወር ራጅ ይደገማል።

ዳንግላ፦ ከምት ነው። ወንድሜን የገና ጨዋታ ሲጫወት ሩር መትቶት ነው የወጣበት።

ሞጣ፦ ሩር ጥርስ ያረግፋል እንጂ አጥንት አይቦረቡርም። ስንት ዓመት ተጫውተናል!

ዳንግላ፦ እናንተማ በጨርቅ ኳስ ነበር።

መልስ፦ የገናውን ለገና አቆዩት። የምቱ ነገር የቆየ ግምት ነው፣ አልተረጋገጠም። ጥፊ እንኳ ቀምሰው የማያውቁ ይመጣሉ።

ቡሬ፦ የእኔ በሁለት ወር ጉንጬን አሳበጠው። ያው ነው?

መልስ፦ ቶሎ ካበጠ ሌላ ነገር አስባለሁ። አኑሪዝማል የአጥንት ሲስት የሚባለው በደም የተሞላ ነው፤ ሐኪሞቹ ያፌና ሊክተንስታይን በ1942 እ.ኤ.አ. ነው የለዩት። አሜሎብላስቶማ የሚባለው የመንጋጋ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካንና ናሙና ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምናውም ደም ተዘጋጅቶ በኦፕራሲዮን ክፍል ነው። በደንብ ካልተጠረገ ይመለሳል። ክሊኒክ ወንበር ላይ እንዳይከፈትብዎ! ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።

ብቸና፦ የእኔ ከነርቩ ቦይ በታች ነው፣ መንጋጋዬ ማዕዘን አካባቢ።

መልስ፦ ስታፍኔ የሚባለው ይመስላል። የምራቅ ዕጢ የተኛበት ጎድጓዳ ነው። አይነካም።

አዴት፦ በቅጠል አይሟሽሽም?

መልስ፦ አይሟሽሽም።

ደብረ ማርቆስ፦ ፎቶ ልኬያለሁ፣ ምንድን ነው?

መልስ፦ ምን ብዬ ነበር? ዕድሜ? ሕመም? ጥርሱ ቅዝቃዜ ይሰማዋል?

ፍኖተ ሰላም፦ ዶክተር፣ ከፍሪጅ በረዶ አስነካነው። በሦስቱም ጮኸ።

መልስ፦ እሰይ! ሐኪም ይድገመው፣ ራጁን ይዛችሁ ኑ። ጥርስ ግን እንዳታስነቅሉ።