ቺሊ በዱር እንስሳ ሥጋ፦ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ

ቺሊ ሥጋ በበርበሬ በዝግታ የሚበስልበት የአሜሪካ ወጥ ነው። አጋዘንም ይሁን የዱር አሳማ ወይም ድብ፣ ያላችሁን ጠይቁ። የሥጋ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ግን መጀመሪያ ይግዛ። የሥጋው መሃል 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ የዱር ሥጋ አይበላም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአጋዘን ቺሊ ስሠራ ሥጋው ይደርቅብኛል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። አጋዘን በሥጋው መሃል ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ስቡ ያለው ከላይ ነው፤ እሱም ቀዝቀዝ ሲል እንደ ሰም አፍ ላይ ይለጠፋል። ሰው «አውሬ አውሬ ይላል» እያለ የሚያማርረው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ስቡንና ነጩን ሽፋን ገፈህ ጣልና የአሳማ ወይም የበሬ ስብ ተካበት። ሥጋው የሚፈጭ ከሆነ ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ይሁን።

በቁራጭ ከሆነ ደግሞ የጀርባውን ለስላሳ ሥጋ እባክህ ለጥብስ ተወው። ለቺሊ ትከሻና ቅልጥም ነው የሚሆነው። ጅማታም ሥጋ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን በዝግታ ሲበስል ወደ ለስላሳ ጄላቲን ይለወጣል። ሥጋውን የሚያለሰልሰውም መረቁን የሚያወፍረውም እሱ ነው። በየተራ ጥበሰው፤ ድስቱን ካጨናነቅከው ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። ከዚያ እሳቱን ቀንሰህ ሦስት ሰዓት ያህል ይንተክተክ።

በርበሬውንም ዱቄቱን አትግዛ። አንቾና ጉዋሂዮ የሚባሉትን የሜክሲኮ ደረቅ በርበሬዎች በዛላቸው ገዝተህ፣ ፍሬውን አራግፈህ፣ በደረቅ መጥበሻ ሳታሳርር አሙቀው። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈህ ፍጨው። አንቾ ጣፈጥ ስለሚል ለአጋዘን ይስማማል።

ጥያቄ፦ ቦሎቄ ይገባበታል?

መልስ፦ አይገባም። ቀጥሉ።

አንድ አባል፦ እንዴት አይገባም? ከቴክሳስ ውጭ አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ሰው በቦሎቄ ይበላዋል!

ሌላ አባል፦ ቴክሳስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺሊን የግዛቷ ምግብ ብላ ያወጀች ናት። እዚያ ቦሎቄ ጨምረህ ብትወዳደር ያባርሩሃል።

የመጀመሪያው፦ ወንድሜ፣ እኔ ልጆቼን ነው የማበላው፣ ውድድር አልወጣሁም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ።

ጥያቄ፦ የድብ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ወር ከቆየ ብዙ ባይበስልም ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው! ድብ ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል ትል ይገኛል፤ ቅዝቃዜ የማይገድለው ዝርያም አለው። በጨው ማሸትም ማጨስም አያስተማምንም። 71 ዲግሪ። የዱር አሳማም እንደዚሁ፤ እሱን ስትገፉ ደግሞ ጓንት አድርጉ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ያስይዛል።

ጥያቄ፦ መሃሉ ቀይ ካልሆነ በስሏል ማለት ነው?

መልስ፦ ቀለም አይታመንም። ቴርሞሜትር ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የሚጥመው የትኛው አውሬ ነው?

መልስ፦ ለማን? የትኛው ብልት? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

ጥያቄ፦ አርማዲሎስ፣ ያ ጀርባው እንደ ጋሻ የጠነከረው አውሬ?

መልስ፦ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ይሸከማል። ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጋዘን ሰጡኝ፤ ከመመታቱ በፊት ከስቶ ይንገዳገድ ነበር አሉ። አምስት ሰዓት ባበስለውስ?

መልስ፦ አሥር ሰዓትም ብታበስለው ዋጋ የለውም። አጋዘንን የሚያከሳ በፕሪዮን የሚመጣ በሽታ አለ፤ ፕሪዮን ማለት ቅርጹ ተበላሽቶ በሽታ የሚያመጣ ፕሮቲን ነው፤ በምድጃ ሙቀት አይጠፋም። 71 እያልኩ የምጮኸው ለትልና ለባክቴሪያ ነው። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የታመመ የሚመስል እንስሳ አይበላም። ጤነኛ የሚመስለውንም በሽታው ባለበት አካባቢ ከታደነ አስመርምረው፤ ከተገኘበት አትብላ።

ጥያቄ፦ እኔ ቺሊው ቀጠነብኝ፣ በምን ላወፍረው?

መልስ፦ በማሳ፣ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ በተፈጨው የበቆሎ ዱቄት። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ጨምሪው። ዱቄቱን እንዳለ ከነሰነስሽው ይጓጉላል።