ኤሌክትሮዱ ይቃጠል እንጂ በጀቱ አይቃጠል

ውድ ልጆቼ፣

በብየዳና በቶርኖ፣ ማለትም ብረትን እያሽከረከረ በሚቆርጥና በሚቀርጽ ማሽን ሥራ፣ ኋላም በማስተማር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ እዚህ አቃቂ የሰፈራችን ተማሪዎች 11ኛ ክፍል ስንገባ የሙያና ቴክኒክ መስክ ብንመርጥ ምን ይመስልሃል እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በደጅ ላይ ወሬ የማይመለስ ጥያቄ ስለሆነብኝ በጽሑፍ ለመመለስ ወሰንኩ።

ብዙዎቻችሁን የሚያስፈራችሁ ስሙ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ በነበረበት ዘመን ለመሰናዶ ያልበቃው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ስለነበር፣ ሙያ የወደቀ ሰው መጠለያ ተደርጎ ተቆጠረ። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ስድስቱን ወዳቂ የሚል ሚዛን፣ ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው የሚናገረው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የመንግሥት በጀት ካፒታልና መደበኛ ተብሎ ይከፈላል። ሕንፃውና ማሽኑ በካፒታል በጀት ይገዛሉ፤ ኤሌክትሮዱ (ሲበየድ እየነደደ የሚያልቀው የብረት ዘንግ)፣ ላሜራው፣ የመቁረጫ ዲስኩና ጥገናው ግን ከመደበኛው ይወጣሉ፤ ከመደበኛው ደግሞ ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል። ማሽን ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፤ ለአንድ ፓኮ ኤሌክትሮድ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

ከዓመታት በፊት በከተማው ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ወርክሾፑን እንዳይለት ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ቶርኖው ከነላስቲኩ ቆሟል። ማሽኑ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ሲፈልግ፣ ወደ ግቢው የገባው ግን ለመኖሪያ ቤት የሚሆን መስመር ነበር፤ ማሽኑን የገዛው ክፍልና መስመሩን ያስገባው ክፍል አልተነጋገሩም። ተማሪዎቹ የቶርኖን ክፍሎች ከሰሌዳ ላይ ተምረው አንድ በአንድ በስማቸው ጠሩልኝ፤ ደስ አለኝም፣ አዘንኩም፤ ከመካከላቸው ብረት የቆረጠ አንድም አልነበረምና።

ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ አንድ ደቂቃ ያህል ነው የሚነደው። የአንድ ጀማሪ እጅ እስኪረጋና የብየዳው መስመር ቀጥ እስኪል ድረስ የሚያስፈልገው ኤሌክትሮድ፣ ካስተማርኳቸው ልጆች እንዳየሁት፣ በመቶ የሚቆጠር ነው። በክፍሉ ሃምሳ ልጅ ካለ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ስለዚህ መስኩን ምረጡ፤ ነገር ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ለዚህ ዓመት ስንት ኤሌክትሮድ ተገዛ ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ግዴታ ተጥሎበታል። ጊዜውንም ዕወቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ እስከ ሰኔ 30 ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ በየቢሮው «በጀት ተቃጠለ» የሚባለው ይህ ነው። ያንን የፈራ ኃላፊ በሰኔ ችኮላ ወንበርና ጠረጴዛ ሲገዛ አይቻለሁ። ሰኔ ላይ መጮህ እንግዲህ አይጠቅማችሁም፤ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ፣ በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በኩል፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ።

ስትገቡም ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። የተማሪውን ብዛት፣ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን ኤሌክትሮድና ላሜራ፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን ማሽን በአንድ ገጽ ጻፉና እሑድ ከሰዓት ወደ ቤቴ ብቅ በሉ፤ የመርካቶውን ዋጋ አጣርቼ እጠብቃችኋለሁ።

አባታችሁ