መልስ፦ ሲሊኮኑ (ክፍተት መዝጊያ ማጣበቂያው) ከአሉሚኒየም ፍሬም ላይ እየተላጠ ላስቸገረህ

ሲሊኮን ከማስገባትህ በፊት ፍሬሙን በቤንዚን መወልወሉን ተው። ቤንዚን ሲተን ስስ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ሲሊኮኑ የሚይዘው ቅባቱን እንጂ አሉሚኒየሙን አይደለም። በጣት ስትጎትተው እንደ ጎማ ተልጦ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

አይሶፕሮፒል አልኮል ግዛ፤ 90% እና ከዚያ በላይ የሆነውን። ሁለት ንጹህ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያዝ። አንዱን በአልኮል አርሰህ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረግ፣ ሳይደርቅ ወዲያው በደረቁ ጨርቅ አንሳው። በራሱ እንዲደርቅ ከተውከው ያሟሟውን ቆሻሻ እዚያው መልሶ ያስቀምጠዋል። ነጩ ጨርቅ መጥቆሩን ሲያቆም ብቻ ሲሊኮኑን አስገባ። ለሕፃናት የሚሸጠው እርጥብ መጥረጊያ ቅባት ስላለው ለዚህ አይሆንም።

የቆየ ሲሊኮን ካለ አልኮል አያነሳውም፣ አስቀድመህ ፍቀህ ጨርሰው።

አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ) ግን ቀለም የተቀባ ፍሬምም ሆነ ፖሊካርቦኔት (እንደ መስታወት የሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ) ላይ እንዳታስነካ! ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ፖሊካርቦኔቱን ያነጣውና ይሰነጥቀዋል።