መሳቢያ የሌለው ጠረጴዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ካየሁት ጀምሮ በሐሳቤ ሲመላለስ አደረ። በቅርቡ ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መያዝና ሥራ መጀመር የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ) እንዳለብህ ሐኪም ነግሮሃል፣ ከቤት የሚሠራ ሥራም አግኝተሃል። አሁን 30 ሺህ ብር ይዘህ «ምን ዓይነት ጠረጴዛና ወንበር ልግዛ? ክፍሌንስ እንዴት ላዘጋጅ?» ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ጅማ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የነጋዴዎችን ሂሳብ እየያዝኩ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኤዲኤችዲ እንዳለብኝ ያወቅኩት በ31 ዓመቴ ነው። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርህ፤ ረዘም ይላልና ታገሠኝ።

ገንዘቡን ለጊዜው አቆየው። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት አንተ ያሰብከውን ነበር። ባለስድስት መሳቢያ ጠረጴዛና በር ያለው ቁም ሳጥን ገዛሁ። ደረሰኞቹን በየነጋዴው ለይቼ በየመሳቢያው ከተትኩ። ክፍሉ ሲያዩት ያምር ነበር፤ የመጣ ሰው ሁሉ አደነቀልኝ። በሦስተኛው ሳምንት የአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ የቫት ማሳወቂያ ቀን አለፈ። ወረቀቶቹ አራተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከጉልበቴ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ ነበሩ። መሳቢያው ሲዘጋ ግን ሥራውም አብሮ ከጭንቅላቴ ወጥቷል። ሰውየው ላይ ቅጣት መጣበት፣ ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩለት። ያን ቀን ማታ ያለቀስኩት ለብሩ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ «አእምሮ ያላት ሰነፍ» ስባል ኖሬ፣ እኔም አምኜው ስለነበር ነው።

በኋላ ራስል ባርክሌይ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሚያስተምረውን ሳነብ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። የዚህ ሰው ዋና ነጥብ፣ የእኛ ችግር አለማወቅ አይደለም፣ የምናውቀውን በሚያስፈልግበት ሰዓትና ቦታ ማድረጉ ላይ ነው የሚል ነው። ስለዚህ እርዳታውም ሥራው የሚሠራበት ቦታ ላይ፣ ዓይን ሥር መቀመጥ አለበት። ጭንቅላቴ ይዞ የማያቆየውን ክፍሉ ይያዝልኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምመርጠው በዚህ ብቻ ነው።

ጠረጴዛውን ሸጥኩትና እዚሁ የጅማው መርካቶ ወደሚሠራ አንድ አናጢ ሄድኩ። ጅማ ላይ እንጨት ሠሪ አይቸግርም። ምንም መሳቢያ የሌለው ሰፊ የዋንዛ ጠረጴዛ ሠራልኝ። በስተግራ በኩል በር የሌለው መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ተመታ። እያንዳንዱ ደንበኛ ክዳኑ የተቆረጠ አንድ ካርቶን አለው፤ ወረቀቱ ከላይ ይታየኛል። ሁሉም ካርቶን ፊት ለፊቴ ቢሆን ደግሞ ዓይኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ይውላል። ስለዚህ መደርደሪያው በጎን ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የሚወርደው አንድ ካርቶን ብቻ ነው፣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ባዶ ነው።

ባዶ ግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት አለች። ማታ ከመነሳቴ በፊት ነገ ጠዋት እጄ መጀመሪያ የሚሠራውን እጽፍባታለሁ። «የነጋዴውን ሂሳብ ጨርሺ» ብዬ ብጽፍ አልጀምረውም፤ ሞክሬዋለሁ። «የሰኔን ዜድ ሪፖርት (የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በየቀኑ የሚያወጣውን የሽያጭ ድምር) በቀን ደርድሪ» ካልኩ ግን እጄ ካርቶኑን ያነሳል። ከጠቅላላው ምክሬ አንድ ብቻ የምትወስድ ከሆነ ይህችን ውሰድ። ዋጋዋ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ እንደኛ ላለ ሰው ጊዜ «አሁን» እና «አሁን ያልሆነ» ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያለ ሰዓት አይጠቅምህም፤ ሰዓት ለማየት አንስተኸው ሌላ ነገር ውስጥ ትገባለህ። የእኔ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ከመኝታዬ አጠገብ ነው፣ ወደ ሥራ ጠረጴዛው አይመጣም። ባለቀስት የግድግዳ ሰዓት ግዛ፣ ቀስቱ ሲሄድ ዓይንህ ጊዜውን ያየዋል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባለው ጣሊያናዊ በወጥ ቤት ሰዓት 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍን ዘዴ አስለምዷል። ለእኔ ለመጀመር 25 ደቂቃ ተራራ ነው። በ10 እጀምራለሁ፤ ከገባሁበት በኋላ ግን አላቆምም።

አሁን ወደ ጅማ ኑሮ ልምጣ። ሐምሌ የግብር ወር ነው፣ ዝናቡም የሚበረታበት ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማህም። የሚገርመው፣ አንድ ወጥ ሆኖ ሲወርድ እኔን ይረዳኛል፤ የግቢውን ወሬና የባጃጁን ጡሩምባ ሁሉ ይሸፍንልኛል። የሚጎዳኝ ሲያባራ ከጣሪያው ጠርዝ ባልዲ ላይ የሚንጠባጠበው ነው። ጠብ... ደግሞ ጠብ... ቀጣዩን ስጠብቅ የያዝኩት ቁጥር ይጠፋኛል። ባልዲውን ከመስኮቴ ሥር ማንሳት ብቻ የስንት ቀን መፍትሔ ሆነኝ። አንተም ክፍልህ ውስጥ ዝም ብለህ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥና ምን ምን እንደሚሰማህ ጻፍ።

መብራት ሲሄድ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም የእኛ አእምሮ አንዴ ከወጣ መመለሻው ሩቅ ነው። ለዚህ «የመብራት ካርቶን» አለችኝ። ኮምፒዩተር የማይፈልግ ሥራ ብቻ ይገባባታል፦ የሚደረደር፣ የሚቆጠር፣ በእጅ የሚጻፍ። መብራቱ እንደጠፋ እጄ ወደ እሷ ይሄዳል፣ ወደ ስልኬ አይሄድም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ዕቃ አይደለም። አከራዬ እማማ ጠዋት ጠዋት ሰፌዳቸውን ይዘው በረንዳዬ ላይ ቡና ይለቅማሉ። አያወሩኝም። የተበላሸችውን ፍሬ ሲጥሏት ጣሳው ውስጥ ኳ ስትል ይሰማኛል። እሳቸው እስከተቀመጡ ድረስ እኔም ከወንበሬ አልነሳም። ፈረንጆቹ ይህን ቦዲ ደብሊንግ ይሉታል፤ ሰው አጠገብህ ሆኖ የራሱን ሥራ ሲሠራ አንተም ሥራህ ላይ ትቆያለህ። አንተም እህትህ ወይም ጓደኛህ አጠገብህ እንዲቀመጡ ጠይቃቸው።

የቡና ጥሪው ግን ይፈትን ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከተጠራሁ አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፣ እስከ በረካ ከቆየሁ ደግሞ ጠዋቱ ሄደ። ሰበብ መደርደር ሲሰለቸኝ እውነቱን ነገርኳቸው፦ «እማማ፣ ሐሳቤ አንዴ ከሥራ ከወጣ መመለስ ያቅተኛል፤ ሕመም ነው፣ ንቄ አይደለም።» ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ ከምሳ በኋላ እናፈላዋለና!» አሉኝ። አሁን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም ጠጥቼ እመለሳለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ቡና አልቀምስም፤ ካፌይኑ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ እንቅልፍ ያጣሁ ቀን ደግሞ ወረቀቷም ሰዓቱም አያድኑኝም።

መድኃኒት ታዞልህ ከሆነ በራስህ አታቋርጥ፤ ጥያቄ ካለህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ለአንድ ሳምንት ባለህ ጠረጴዛ ላይ ሥራ፤ የምግብ ጠረጴዛም ቢሆን። ከመቀመጫህ በተነሳህ ቁጥር ምን እንዳስነሳህ አንድ መስመር ጻፍ። የሚያስነሳህ የጀርባ ሕመም ከሆነ ብሩን ለወንበር አውለው፣ መብራት ከሆነ ለባትሪ፣ ወረቀት ፍለጋ ከሆነ ለመደርደሪያ። ዝርዝሩን እዚህ ብትለጥፍልኝ አብረን እናየዋለን። አናጢውንም ከፈለግከው ቅዳሜ ከሰዓት ወስጄ አገናኝሃለሁ።