«በሞቴ ቅመሺ» አትበሉ

ልጆቼ፣

በአእምሮ ሕክምና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና ስለ መጠጥ ስጽፍላችሁ ከጉበት የምጀምር ይመስላችሁ ይሆናል። እሱን ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ታነቡታላችሁ። እኔ የምላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን «ዴይዝ ኦፍ ዋይን ኤንድ ሮዝስ» የተባለ የሆሊውድ ፊልም ፈልጋችሁ እዩ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ ነው። ባልየውን ጆንና ሚስቱን ኪርስተንን የሚጫወቱት ጃክ ሌመንና ሊ ሬሚክ ሁለቱም ለኦስካር ታጭተውበታል። ኪርስተን የቢሮ ጸሐፊ ናት፤ መጠጥ አትቀምስም፣ ቸኮሌት ግን ነፍሷ ነው። ጆ ይህን ሲሰማ ብራንዲ አሌክሳንደር አዘዘላት፦ ብራንዲ ከካካዎ ሊኬር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) እና ከክሬም ጋር የተቀላቀለበት፣ ጣፋጭነቱ አልኮሉን የሚደብቅ መጠጥ። ሰውየው ክፋት የለበትም። ወዷታል፣ እንድትደሰት ፈልጓል። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ከተጋቡ በኋላ ደግሞ፣ ሕፃን እያጠባች ሳለ፣ ሰክሮ ገብቶ አብራው እንድትጠጣ ይነዘንዛታል። በመጨረሻ እሺ አለች። ኋላ እሱ ለሥራ ርቆ በሄደበት፣ ብቻዋን ጠጥታ ቤቱን እሳት ያያዘችው ይህችው ሴት ናት።

ብዙ ሰው የሚያወራው ጆ የደበቀውን ጠርሙስ ፍለጋ የአማቱን የአበባ ማሳደጊያ ስለሚያወድምበት ትዕይንት ነው። ሌመን በርግጥ ድንቅ ነው። እኔ ግን የማልረሳው የሞቴሉን ክፍል ነው። ጆ በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ በሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር፣ እርዳታ መጠጥ ካቆመ በኋላ ኪርስተን ትደውልለታለች፤ ሊመልሳት ሄዶ አብሯት ይጠጣል። ያኔ እሱ ሲለምናት እንደነበረው፣ አሁን እርሷ ለመነችው። ጆ እንደገና ወድቆ ይነሣል። እርሷ ግን አትነሣም፤ ፊልሙም ይህን አይሸፋፍንም።

እንግዲህ አንዲት ልጅ «ውኃ ይበቃኛል» ካለች ውኃ ቅዱላት። ምክንያቷን አትጠይቋት፤ «በሞቴ» አትበሏት። «ከእኔ እኩል ጠጪ» ማለትም የዋህነት ነው፤ በሴት አካል ያለው ውኃ በአማካይ ከወንድ ስለሚያንስ፣ እኩል ቢጠጡ በደሟ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል።

በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ካለ ደግሞ ክፍል ቆልፋችሁ አታስተኙት። በድንገት ማቆም የሚጥል ሕመምና ቅዠት ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ በቀን የሚጠጣውንም ሳትቀንሱ ተናገሩ። ቤተሰብ ሁልጊዜ ይቀንሳል።